እንግዳ የራቀው ጎጆ፦ የቀን የእግር ጉዞ በበዛበት ጊዜ የተራራ ማደሪያዎች ለምን ተረሱ?

የሣር ክዳን ጎጆ ሰው ካላደረበት ዕድሜው አጭር ነው። ምድጃ የሚነድበትን ቤት ጣሪያ ጭሱ ከምስጥና ከብል ይጠብቀዋል፤ ክረምት ሲገባ የሚያፈሰውን ቦታ አይቶ የሚደፍነው፣ ከግድግዳው የረገፈውን ጭቃ መልሶ የሚመርገውም በውስጡ የሚያድረው ሰው ነው። በሰሜን ወሎ የመቄት አፋፍ ላይ፣ በላስታ ተራሮችና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ለእግር ተጓዦች ተብለው የተሠሩትን የማኅበረሰብ ጎጆዎች ችግር ለመረዳት ከዚህ መነሣት ይቻላል። ለእንግዳ የተሠራ ጎጆ እንግዳ ሲርቀው ገቢውንም፣ የሚጠብቀውን ዐይንም አብሮ ያጣል።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ይህ የሆነው የእግር ጉዞ በከተማ ሰው ዘንድ እንደ አሁኑ ባልተወደደበት ጊዜ ሳይሆን በተወደደበት ጊዜ መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድ ማለዳ የስፖርት ጫማ አጥልቀው፣ ቦርሳ አንግተው አውቶብስ የሚጠብቁ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ሆኗል። እንጦጦ ቅርብ ነው፤ ከዚያ አለፍ ሲል በዐሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደተተከለ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደን፣ የወጨጫ ተራራ፣ የረር፣ አናቱ ላይ ሐይቅና ገዳም የያዘው ዝቋላ፣ ወንጪ፣ ደብረ ሊባኖስና የጀማ ሸለቆ አፋፍ አሉ። «ሃይኪንግ» የሚለው ቃል ያለ ትርጉም የሚገባው ሰው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጨመረው በእነዚህ የአንድ ቀን ጉዞዎች ምክንያት ነው። ይህ በራሱ መልካም ነው፤ ቢሮና ትራፊክ መካከል ሳምንቱን የሚያሳልፍ ሰው በሰባተኛው ቀን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ ቢተነፍስ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም።

ነገር ግን የቀን ጉዞና ከጎጆ ወደ ጎጆ የሚደረግ የብዙ ቀን ጉዞ ሁለቱም በእግር የሚደረጉ ከመሆናቸው በስተቀር በአሠራራቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው። አርባ ሰው የያዘ አውቶብስ ከከተማ ተነሥቶ አንድ ተራራ ሥር ቢደርስ፣ ተጓዦቹ ምሳቸውንና ውኃቸውን ከከተማ ይዘው ቢመጡ፣ ወጥተው ወርደው ማታ ቢመለሱ፣ የከፈሉት ገንዘብ በአብዛኛው ለአውቶብሱና ለአዘጋጁ የሚሄድ ነው። ለመንደሩ የሚደርሰው የመግቢያ ክፍያ ካለ እርሱ፣ ፈረስ ያከራየ ሰው ካለ የእርሱ ኪራይ፣ አንዳንዴ ደግሞ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ነው። አንድ ሌሊት ሲያድሩ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፤ እራት የሚያዘጋጅ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚያቀርብ፣ አልጋ የሚያነጥፍ፣ በማግሥቱ ጓዝ የሚጭን ሰው ያስፈልጋል፤ ዱቄቱ፣ ሽሮው፣ ዕንቁላሉ፣ ቡናው ከዚያው ይገዛል። ጎጆው እንግዳውን ሲያሳድር ገንዘቡንም በመንደሩ ያሳድረዋል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው።

ሐሳቡን ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አድርጎ ማየት ስህተት ይመስለኛል። መኪና ከመምጣቱ በፊት ደጋውን በእግርና በበቅሎ ያቋርጥ የነበረ ነጋዴ፣ ተማሪ፣ ለማኝ ወይም ወታደር ሲመሽበት ወደ አንድ ደጃፍ ጠጋ ብሎ «ቤቶች!» ሲል የሚመለስለት «ቤት ለእንግዳ» የሚል ነበር። የመሸበት የእግዜር እንግዳ እግሩ ታጥቦ፣ ያለው ቀርቦለት አድሮ ሲነጋ ይሸኛል። ግሸን ማርያም ለመስከረም 21፣ ላሊበላ ለገና፣ ዝቋላ ለመጋቢትና ለጥቅምት አምስት በእግር የሚጓዘው ምእመን ደግሞ ዛሬም ለቀናት ይሄዳል፤ ከመንደር ወደ መንደር እያደረ መሄድን ከማንም የአውሮፓ ተራራ ወጪ ማኅበር አልተማረም። እንዲህ ያለው ልማድ የእኛ ብቻም አይደለም። በእስራኤል ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘልቀው ብሔራዊ የእግር መንገድ ላይ ተጓዦችን ያለ ክፍያ በቤታቸው የሚያሳድሩ ሰዎች «የመንገዱ መላእክት» ተብለው ይጠራሉ። የመቄት ጎጆዎች ያመጡት አዲስ ነገር እንግዳ መቀበልን ሳይሆን እንግዳ የመቀበልን ወጪና ገቢ በጋራ መያዝን ነው።

በመቄት ይህ ሥራ የተጀመረው ከሃያ ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነበር፤ በኋላም «ተስፋ» በሚለው ስም ታወቀ። መቄት በወልድያና በደብረ ታቦር መካከል የተዘረጋ ከፍተኛ አምባ ነው። ዳርቻው በድንገት ወደ ታችኛው ቆላ ይገደላል፤ አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር አሞሮች ሲያንዣብቡ ወደ ታች ያያቸዋል። በዚህ አፋፍ ላይ እንደ መቋት ማርያምና ዋጀላ ባሉ ቦታዎች የአካባቢው ሰው በራሱ ድንጋይና በራሱ ሣር ክብ ጎጆዎችን ሠራ። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት አንድ ሰው ሳይቸኩል፣ መሐል ላይ ምሳ በልቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚደርስበት ነው። ጓዙን አህያ ይሸከማል፤ አስጎብኚው ከአካባቢው ነው፤ ምግቡ ያው የደጋ ሰው የሚበላው ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ ሳይቀር በገደሉ አፍ ላይ ተሠርቶ ከብዙ ሆቴል ሰገነት የተሻለ እይታ ያለው በመሆኑ በተጓዦች ዘንድ ዝነኛ ሆኗል። ሥራው ከመቄት ወደ ላስታ፣ ቁመቱ ከ4,200 ሜትር ወደሚበልጠው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ትግራይ የድንጋይ አምባዎች ተስፋፍቷል።

የአሠራሩ ብልሃት ጎጆው የማንም ግለሰብ አለመሆኑ ላይ ነው። የመንደሩ ኮሚቴ ገቢውን ይይዛል፤ ለሠራ ሰው ይከፍላል፤ ከተረፈው ላይ የጋራ ጉዳይ ይወስናል። ይህ ከባድ የሚመስለው በስብሰባ ጊዜ ነው፤ በስብሰባ የደከመ ሰው «ለአንድ ባለሀብት ቢሰጥ ኖሮ» ማለቱ አይቀርም። ሆኖም አማራጩን በኔፓል ማየት ይቻላል። በዚያ በአናፑርናና በኤቨረስት መንገዶች ላይ ተጓዡን የሚያሳድሩት በአብዛኛው የቤተሰብ ማደሪያዎች ናቸው፤ ቅልጥፍናቸው አይካድም፤ ነገር ግን ቤቱ መንገድ ዳር የሆነለት ሰው ሲበለጽግ፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ገባ ብሎ የሚኖረው ጎረቤቱ ቱሪስት ሲያልፍ ከሩቅ የሚያይ ብቻ ይሆናል። በእኛ ደጋ፣ መሬት እየጠበበ በሄደበት አገር፣ አንድ ጎጆ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ሀብት ቢሆን በመንደሩ ውስጥ የሚያስነሣውን ቅያሜ መገመት አይከብድም። የጋራ ባለቤትነቱ ዝግታ አለው፤ መንገዱን በእርሻው መሐል የሚያሳልፈው ገበሬ ተጓዡን እንደ ራሱ እንግዳ እንዲያይ የሚያደርገው ግን ይኸው ባለቤትነት ነው።

ከዚህ ጋር የሰሜን ተራሮችን ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ የሆነው ይህ ብሔራዊ ፓርክ በኢትዮጵያ የብዙ ቀን ጉዞ ዋና ስም ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ እያደሩ፣ እመት ጎጎ አፋፍ ላይ ቆመው፣ ጭላዳው ሣር ሲነጭና ዋልያው ገደል ለገደል ሲሄድ እያዩ፣ አቅም ያለው ቧሂትን ተሻግሮ እስከ ራስ ደጀን ይዘልቃል። ነገር ግን ተጓዡ በአብዛኛው የሚያድረው በድንኳን ነው። ድንኳኑ፣ ምግቡ፣ ወጥ ቤቱ ከጎንደር ወይም ከደባርቅ ይጫናል፤ አስጎብኚው፣ ጠመንጃ ያነገተው ስካውትና በቅሎ ጫኙ በየማኅበራቸው በተራ ይመደባሉ። የተራው ሥርዓት ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ክብር ይገባዋል። ገንዘቡ ግን ከመንገዱ መነሻ ላይ ይሰበሰባል እንጂ በየማደሪያው አይንጠባጠብም። በፓርኩ ውስጥ ይኖር የነበረው ሕዝብና የፓርኩ ጥቅም ተስማምተው ለመኖር ብዙ ዓመት የተቸገሩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ይመስለኛል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆየ፤ ከመዝገቡ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ለአውሬውና ለሣሩ እፎይታ ነው። ይሁንና የግጭ ሰው ለዘመናት የኖረበትን አምባ በየሌሊቱ እንግዳ የሚያስተናግድበት ቤት አድርጎ የመያዝ ዕድል ቀደም ብሎ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በአውሮፓ የተራራ ጎጆ ታሪክ ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት ይበልጣል። የስዊዘርላንድ የአልፕስ ማኅበር በ1863 ተመሥርቶ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ጎጆ ሠራ፤ ዛሬ 150 ያህል አሉት። በ1868 የተቋቋመው የኖርዌይ የተጓዦች ማኅበር ከ500 በላይ ጎጆዎች አሉት፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ጠባቂ የላቸውም። አባል የሆነ ሰው ለሁሉም የሚሆነውን አንድ ዐይነት ቁልፍ ይይዛል፤ ገብቶ እሳት ያነዳል፤ ከጓዳው ታሽጎ የተቀመጠ ምግብ ወስዶ ይበላል፤ የወሰደውን ራሱ ጽፎ ይከፍላል፤ ጠዋት ወለሉን ጠርጎ፣ እንጨት ፈልጦ ለሚቀጥለው ሰው ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ አሠራር ሲነገር ብዙ ሰው ከኖርዌያውያን ሐቀኝነት ይጀምራል፤ እኔ ግን ትኩረት የሚገባው ሌላ ነገር ነው እላለሁ። እነዚህ ጎጆዎች የተሠሩት በመጀመሪያ ደረጃ ለራሱ ለአገሩ ሰው ነው። የውጭ ጎብኚ ቢመጣ ደስ ይላቸዋል፤ ባይመጣ ግን አይዘጉም። ሞንብላንን ዙሪያውን በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ በኩል በ170 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚዞረው መንገድ ላይ ያሉት ማደሪያዎችም ከሩቅ የሚመጣው ሰው ቢቀር የጎረቤት አገር ሰው አላቸው።

የእኛዎቹ ጎጆዎች የተሠሩት በተቃራኒው መንገድ ነበር፤ ዋጋቸው፣ የቦታ ማስያዣቸው፣ የምግብ ዝርዝራቸው ሳይቀር የውጭ ሰው እንዲመጣ ታስቦ የተሰናዳ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ መጣ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በትግራይ ጦርነት ተጀመረ፤ በማግሥቱ ዓመት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ዘልቆ የመቄት መግቢያ የሆነችው ጋሸና የውጊያ ስም ሆነች። የፕሪቶሪያው ስምምነት በኖቬምበር 2022 ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላ፣ በኦገስት 2023፣ በአማራ ክልል አዲስ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ አካባቢው እንዳይሄዱ ሲያሳስቡ፣ የጉዞ መድን ድርጅቶች በማሳሰቢያው ወደተጠቀሱት ቦታዎች ለሚሄድ ሰው በአብዛኛው ሽፋን አይሰጡም፤ መድን የሌለው ተጓዥ ደግሞ የሚያመጣው አስጎብኚ ድርጅት አያገኝም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጎጆው ያለበት መንደር ሰላም ቢሆን እንኳ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ወደ መንደሩ የሚያደርሰው አውራ ጎዳና ላይ መሆኑ ነው። ከጎጆ ወደ ጎጆ የሚደረግ ጉዞ በተፈጥሮው የሰንሰለት ሥራ ነው፤ ከአምስቱ ማደሪያዎች አንዱ ከተዘጋ ቀሪዎቹ አራቱ የተነጣጠሉ ቤቶች ይሆናሉ፤ በአንድ ቀን የማይደረስ ርቀት በመካከላቸው ይከፈታልና።

የዚህ ጉዳት በገንዘብ ብቻ አይለካም። ምግብ ማብሰልና እንግዳ ማስተናገድ የሠለጠነች ሴት ሥራ ስታጣ ለዓመታት ተቀምጣ አትጠብቅም፤ ከወሎ ወደ ዓረብ አገሮች የሚወስደው የስደት መንገድ ከመቄት አፋፍ የራቀ አይደለም። እንግሊዝኛ የተማረው አስጎብኚ ወደ ከተማ ይገባል። ሰላም ቢመለስ ጎጆውን በአንድ ወር ማደስ ይቻላል፤ እነዚህን ሰዎች ለመተካት ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ። ኔፓልም ከ1996 እስከ 2006 የእርስ በርስ ጦርነት አሳልፋለች፤ በ2015ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ የላንግታንግ መንደር በናዳ ተቀብሯል። ከሁለቱም በኋላ የእግር ጉዞው የተመለሰው ማደሪያ መሥራትና ማስተዳደር የሚያውቀው ሰው ወይም የእርሱ ቤተሰብ እዚያው ስለነበረ ነው።

ታዲያ ቅዳሜ ማለዳ አውቶብስ የሚጠብቀው የአዲስ አበባ ወጣት ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል? በከፊል ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ እንቅፋቶቹን ሳናሳንስ። አንደኛው የመጠን ጉዳይ ነው። የመቄት ዐይነት ጎጆዎች በአንድ ሌሊት ጥቂት ሰዎችን ብቻ ያሳድራሉ፤ የከተማ ቡድን ግን በአርባና በስድሳ ነው የሚንቀሳቀሰው። ስድሳ ሰው በአንድ ሌሊት አንድ አፋፍ ላይ ቢፈስ ውኃው፣ እንጨቱም መጸዳጃውም አይችለውም፤ ቡድኑ በስድስትና በስምንት ተከፍሎ በየቀኑ ተከታትሎ መነሣት አለበት፤ ይህ ደግሞ አዘጋጁን ያስቸግራል። ሌላው ዋጋ ነው። ለውጭ ሰው በዶላር የተሰላ ዋጋ ብር በብዙ እጥፍ ከረከሰ በኋላ ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ ነርስ የማይታሰብ ሆኗል። ለአገር ሰው የተለየ ዋጋ ማውጣት ለመንደሩ ኪሳራ አይደለም፤ ባዶ ካደረ ጎጆ በግማሽ ዋጋ የተያዘ ጎጆ ይሻላል። ስለ ምግቡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአገሩ ሰው ጾሙን ያውቃል፤ ሽሮና ድንች ወጥ ቀርቦለት አይገረምም፤ እንዲያውም ለውጭ ተጓዥ ተብሎ ከከተማ የሚጫነው ማካሮኒ ይቀርለታል።

ጥንቃቄ የሚሻው የከፍታው ነገር ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ በ2,400 ሜትር ገደማ ስለሚኖር ከባሕር ጠለል ከሚመጣው ሰው የተሻለ ነው፤ ይህ ግን አንዳንዶችን ያታልላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲኬድ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር የሚሰጠው የሕክምና ምክር ለሁሉም የሚሠራ ነው፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ሲበረታ መድኃኒቱ መውረድ እንጂ መበርታት አይደለም። እንደዚያው ሁሉ፣ በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ቀኑ ሲያምር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በስስ ጃኬት የመጣ ሰው አፋፉን ሳይሆን ብርዱን አስታውሶ ይመለሳል። ጎጆዎቹ ብርድ ልብስ ማከራየት ቢጀምሩ ትንሽ ነገር መስሎ ብዙ ይለውጣል።

ለጀማሪ ሰንሰለት ተስማሚ የሚመስለኝ የመንዝ ጓሳ ነው፤ የጸጥታው ሁኔታ ሲፈቅድ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና በአንድ ቀን ይደረሳል፤ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮና ጅብራ አለው፤ ከሁሉም በላይ ግን የጋራ አስተዳደር ልምድ አለው። የመንዝ ሰው ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳውን መሬት «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ለተከታታይ ዓመታት እየዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ እየከፈተ በጋራ ኖሯል፤ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም የማኅበረሰቡ ጥበቃ በሌላ መልክ ቀጥሏል። ሣሩን መቼ ማጨድ እንደሚቻል ለመቶዎች ዓመታት አብሮ የወሰነ ሕዝብ፣ ጎጆው በየትኛው ሳምንት ለማን እንደሚከፈት ለመወሰን ከውጭ የሚመጣ ሥልጠና አያስፈልገውም።

መንግሥት በቅርብ ዓመታት እንደ ወንጪና ጎርጎራ ባሉ ቦታዎች በትላልቅ ሎጆች ላይ ብዙ ገንዘብ አውጥቷል። ሎጅ የራሱ ገበያ አለው፤ መንገድና መብራትም ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ሎጅ እንግዳውን አንድ ቦታ ላይ ይዞ ያስቀራል፤ የጎጆ ሰንሰለት ደግሞ በአምስት መንደር ያከፋፍለዋል። ለአንድ ሎጅ ከሚወጣው ገንዘብ እጅግ ጥቂቱ፣ ነባሮቹን ጎጆዎች ለመክደን፣ የጠፉትን የእግር መንገዶች ምልክት ለማድረግና አንድ የጋራ የቦታ ማስያዣ ስልክ በአማርኛ ለመክፈት ይበቃል።

ከእነዚህ ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው ክዳኑ ነው። የጓሳ ሣር በብዙ የደጋ አካባቢ ለጣሪያ ከሚመረጡት አንዱ ነው፤ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተጭኖ ጎጆው ዘንድ መድረስ ያለበት ዝናቡ ሳይጀምር፣ ከግንቦት መጨረሻ በፊት ነው። እንግዳ በነበረበት ጊዜ ይህን ወጪ የሚሸፍነው ያለፈው ወቅት ገቢ ነበር፤ አሁን ኮሚቴው ከባዶ ሣጥን ፊት ተቀምጦ ከየቤቱ ስንት ሸክም ሣር እንደሚዋጣ መነጋገር ይኖርበታል።